ሳይረኑን ማን ሰማው?

ጥር ዘጠኝ ቀን 2017 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። ዳንግላ ለከተራ ሽር ጉድ ትላለች። እኔም ከወረዳው ፍርድ ቤት በር ፊት ለፊት ባለችው የቆርቆሮ ክፍሌ ውስጥ ወንበሮቼን እየሰበሰብኩ ልዘጋ ነበር። ይሄነው እባላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬ፣ ጉሮሮዬ አልሆን ሲለኝ ጠመኔውን አስቀምጬ ማመልከቻ ጸሐፊ የሆንኩ ሰው ነኝ።

"ጋሼ! ማመልከቻ የሚጽፉት እርስዎ ነዎት?"

ድምፁ መንገድ ማዶ ቆሞ ሰው የሚጠብቀውን ባለባጃጅ ሳይቀር አስዞረው። እኔ ግን ጀርባዬን እንደሰጠሁ "ነኝ፤ ምን ያስጮኽሻል?" አልኩ።

"ፊትዎን ያዙሩልኝ። ጆሮዬ አይሰማም። ከንፈርዎን ካላየሁ ያሉትን አላውቅም።"

ደንግጬ ዞርኩ። ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ ያሰረች፣ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ አፌን እንደ መጽሐፍ ትክ ብላ ታያለች። ስሟን ጠየቅኳት። ሸጋ ትዕዛዙ ትባላለች። ከጃኬቷ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ደብዳቤ አውጥታ ሰጠችኝ።

የስንብት ደብዳቤ ነው። የጻፈው በከተማችን ያለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ነው፤ ስሙን ልተወው። ሁለት ምክንያት ይዟል። አንደኛው "በቀን 07/02/2017 ያለ ማንም ፈቃድ የፋብሪካውን ኃይል በማጥፋት ምርት ስላስተጓጎሉ" ይላል። ሁለተኛው ደግሞ "የመስማት ችግር ያለብዎት በመሆኑ የአደጋ ሳይረን የማይሰሙ፣ ለራስዎም ለሌላውም አስጊ ስለሆኑ" ይላል። ከሥር ቀኑን አየሁት። ጥቅምት አሥራ ሁለት።

በጣቴ ቆጠርኩ። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር።

"እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?"

"ሽማግሌዎች ይዘውኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁ 'ከገና በኋላ እንመልሳታለን' ብሏቸው ነበር። ትናንት ስሄድ ዘበኛው በር አልከፈተልኝም።"

"ወደ ሥራሽ መመለስ ነው የምትፈልጊው? ወይስ ካሳ ተቀብለሽ መሄድ?"

"ሥራዬን!" አለች። ባለባጃጁ እንደገና ዞረ።

ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ሠራተኛ በሦስት ወር ውስጥ ካልከሰሰ መብቱ ያልፍበታል። ሦስት ወሩ የሚሞላው ሰኞ ነው። ነገ ከተራ፣ ከነገ ወዲያ ጥምቀት፤ ሰኞ ቃና ዘገሊላ ነው፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ታቦት ሸኝቶ መቼ እንደሚገባ ማን ያውቃል? ሰዓቴን አየሁ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል። መብራት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ኮምፒውተሩም ፕሪንተሩም ሬሳ ሆነዋል።

"ቁጭ በይ" አልኳት። "በእጄ እጽፈዋለሁ። ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ።"

እየነገረችኝ ጻፍኩ። ጥያቄ በኖረኝ ቁጥር ብዕሬን አንስቼ ቀና እላለሁ፤ አፌን አይታ ትመልሳለች፤ እንደገና አቀረቅራለሁ። እንዲህ ዓይነት ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም።

የተወለደችው ከአዘና ወዲያ ባለ ገጠር ነው። ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው አገውኛ ነው፤ አማርኛ የመጣላት ከትምህርት ቤት ጋር ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ማጅራት ገትር ያዛት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዓይኗን ስትገልጥ እናቷ ወይዘሮ የሻረግ አጠገቧ ተቀምጠው አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። "የምትቀልድብኝ መስሎኝ ሳቅሁ" አለችኝ። "እናቴ አለቀሰች፤ ያኔ ገባኝ።"

ወይዘሮ የሻረግ ዝም አላሏትም። ልጃቸውን በር ላይ፣ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ በሚያርፍበት ቦታ አስቀምጠው እንደ ድሮው ያወሯት ጀመር፤ ሰው "አበደች" እስኪላቸው። አስተማሪዋም ከፊት ወንበር አስቀመጣት። የእናቷን አፍ በአገውኛ፣ የአስተማሪዋን አፍ በአማርኛ ስታይ አደገችና በሁለት ቋንቋ ከንፈር የምታነብ ልጅ ሆነች። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ዳንግላ መጣች። በዱቄት ፋብሪካው በጽዳት ተቀጠረች፤ ከዚያ ጆንያ መስፋት፤ ከዚያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መፍጫዎቹ ጋ ረዳት ሆነች። በጠቅላላው አራት ዓመት።

"መፍጫዎቹን እወዳቸዋለሁ" አለችኝ፣ ፊቷ በርቶ። "ወለሉ ላሜራ ነው። እኔ በኮንጎ ጫማ ነው የምሠራ። አራቱም አረማመዳቸው ይለያያል። አንደኛው እንደ ሰጋር ፈረስ ነው። ሁለተኛው ይጋልባል። ሦስተኛው የጭነት በቅሎ ነው፤ ከባድ ነው፣ ግን አይዛነፍም። አራተኛው አዲስ ስለሆነ ይቅበጠበጣል። ዓይኔን ጨፍኜ የቱ እንደቆመ አውቃለሁ።"

"በእግርሽ?"

"በእግሬ።"

ጥቅምት ሰባት ቀን ጠዋት በቅሎው አነከሰ። ሦስተኛው መፍጫ። የፈረቃ መሪያቸውን አበረን ጠርታ ነገረችው። አበረ ሳቀና "አንቺ ደግሞ ምን ይሰማሻል!" አላት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ነገረችው፤ እጁን አወናጨፈባት። ለሦስተኛ ጊዜ ልትነግረው ስትዞር መደገፊያው ብረት ላይ ያረፈው የዱቄት ብናኝ ሲዘል አየች፤ መፍጫውን ከሚያዞረው ቺንጋ ሥር ደግሞ አንዲት ሠራተኛ ጎንበስ ብላ ትጠርጋለች። ሸጋ አልጠበቀችም። ሮጣ የመብራቱን ኳድሮ ከፈተችና ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ሳበችው።

"ከዚያስ?"

"እግሬ ባዶ ሆነ። ፋብሪካው በሙሉ ቆመ። አበረ እየሮጠ መጣ፤ አፉ ስለፈጠነብኝ ማንበብ አልቻልኩም፤ እጁ ግን ይነበባል። በሩን ነው የሚያሳየኝ።"

በዚያ ቀን ማሽኑን ማንም አልፈታውም። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መልሰው አስነሱት። ማክሰኞ ደብዳቤው ደረሳት።

ማመልከቻው ሦስት ገጽ ወጣው። ስጨርስ ለአሥራ አንድ ሰዓት አምስት ጉዳይ ነበር። አስፈረምኳትና ሮጥን! እኔ የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው፣ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ይዤ፤ እሷ ከፊት ከፊቴ። መዝገብ ቤት ስንደርስ ጸሐፊዋ ሃና ቁልፉን በር ላይ ሰክታ ነጠላዋን እያስተካከለች ነው።

"ለማክሰኞ ኑ" አለች ሃና።

ሸጋ ከንፈሯን አነበበች። "ሦስት ወሩ ሰኞ ይሞላል!" ብላ ጮኸች። ይህን ያህል እንደምትጮኽ አታውቅም፤ የራሷ ድምፅ እንኳ አይሰማትም። ከግቢው ጫፍ ጠመንጃውን የተደገፈው ፖሊስ ተነሥቶ ቆመ። ሃና አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች፤ ከዚያ ቁልፉን መልሳ አዞረችው። መዝገብ ከፈተች፣ ቁጥር ሰጠች፣ ማኅተሙን አሳረፈችበት። ሸጋ የማኅተሙን ቀለም እስኪደርቅ እፍ እፍ ስትልበት እኔ ግድግዳ ተደግፌ ትንፋሼን እፈልግ ነበር።

የመጀመሪያው ቀጠሮ መንገድ በመዘጋቱ አለፈ። በመጋቢት ቀረብን።

ዳኛዋ ወጣት ናቸው፤ ሥራቸው የበዛ ሴት። መዝገቡ ላይ እንደተደፉ፣ እየጻፉ፣ "ከሳሽ፣ ስምሽን ተናገሪ" አሉ። ሸጋ ዝም አለች። ደግመው ጠየቁ። ዝም።

"ቀና ይበሉልኝ!" አለች ሸጋ በድንገት።

ችሎቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ዳኛ ቀና በል ይባላል? ብድግ አልኩና እጄን አነሳሁ። ከንፈር እንደምታነብ አስረዳሁ። ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ፤ ቀና አሉ፤ ፊታቸውን ሙሉ ለሙሉ ወደ እሷ አዞሩ።

"ይቅርታ" አሉ። "ስምሽን ንገሪኝ።"

ከዚያ እኔን አስማሉና ከሸጋ ፊት ለፊት አቆሙኝ፤ የሚባለውን ሁሉ በከንፈሬ እንድደግምላት። ጉሮሮዬ ከክፍል ያስወጣኝ ሰው ድምፅ የማይጠይቅ ሥራ አገኘሁ። አፌን ብቻ ማንቀሳቀስ! እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አስተምሬ አላውቅም።

የፋብሪካው ጠበቃ ጥሩ ተናጋሪ ነበር። ሦስተኛው መፍጫ ምንም ብልሽት አልነበረበትም አለ። ሠራተኛዋ በገዛ ፈቃዷ ምርት አስተጓጉላለች፤ ይህ ከባድ የዲሲፕሊን ጥፋት ነው። ደግሞም መስማት የማትችል ሰው ማሽን አጠገብ ማቆም ሌላውን ሠራተኛ ለአደጋ ማጋለጥ ነው፤ አሠሪው ለደኅንነት ብሎ ነው ያሰናበታት፤ ይህ መድልዎ አይባልም። ከዚያ ወደ ሸጋ ዞረ።

"ድምፁን ሳትሰሚ ብልሽት እንዳለው እንዴት አወቅሽ?"

"ተሰማኝ።"

"በጆሮሽ?"

"በእግሬ።"

ሰው ሳቀ። ጠበቃውም ፈገግ አለና ወደ ዳኛዋ ዞሮ "የተከበረው ፍርድ ቤት በእግሩ የሚሰማ ሰው አይቶ ያውቃል?" አለ።

"አላየሁም" አሉ ዳኛዋ። "ስለዚህ ሄጄ አያለሁ።"

ሳቁ ቆመ። እኔ ይህን ለሸጋ በከንፈሬ ሁለት ጊዜ ደገምኩላት።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፋብሪካው ግቢ ተሰበሰብን። ዳኛዋ፣ መዝገብ የያዘችው ሃና፣ ከሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የመጣ ተቆጣጣሪ፣ ጠበቃው፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ እንዳልካቸው፣ የፈረቃ መሪው አበረ። መካኒኩ ውዱም እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከኋላ ቆሟል። በሩ ላይ ለእያንዳንዳችን ወፍራም የደኅንነት ጫማ ተሰጠን፤ ከካርቶን ገና የወጣ፣ ውስጡ ወረቀት የተጎሰረበት። ለሸጋም ሰጧት።

"አራት ዓመት ስሠራ አንድም ቀን አልተሰጠኝም" አለች እያሰረች። ተቆጣጣሪው ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ።

ሁለተኛ ፎቅ ስንወጣ ድምፁ ደረታችንን መታን። አራቱ መፍጫዎች በአንድ ላይ ሲያጓሩ የራስህ ሐሳብ እንኳ አይሰማህም። እዚያ ላይ አንድ ነገር ታዘብኩ፤ አሁንም ሳስበው ያስቀኛል። ዳኛዋ ለተቆጣጣሪው አንድ ነገር ሲሉ ተቆጣጣሪው "እ?" ይላል። ጠበቃው ለሥራ አስኪያጁ ሲጮኽ ሥራ አስኪያጁ ጆሮውን ያስጠጋል። ሸጋ ግን መሀል ቆማ ሁሉንም ታያለች። "ዳኛዋ መሰላሉ ለምን መያዣ የለውም ነው የሚሉህ" ትለዋለች ተቆጣጣሪውን፣ በዚያ ጉልበታም ድምፅዋ። እዚያ ፎቅ ላይ ሰው የሚናገረውን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች!

ፈተናውን ያቀረበው ጠበቃው ራሱ ነው። ሸጋ ጀርባዋን ትስጥ፤ ውዱ ከአራቱ አንዱን ያጥፋ፤ የቱ እንደጠፋ ትናገር። ዳኛዋ ተስማሙ። ሸጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ውዱ ሁለተኛውን አጠፋ።

ሸጋ ቆየች። እግሯን አንዴ አነሳች፣ አንዴ አሳረፈች። "አንደኛው" አለች።

ጠበቃው እጁን አጨበጨበ። ደገሙት። አራተኛው ጠፋ፤ እሷ "ሁለተኛው" አለች። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ፤ አበረ ጢሙ ሥር ሳቀ። ሸጋ ዞራ ፊታችንን ስታይ መሳቷ ገባት። ፊቷ ቀላ። ከዚያ ወደ ታች አየችና ጮኸች፦

"ጫማው ነው! ጫማው ወፍራም ነው፤ ምንም አያሳልፍም! ላውልቀው?"

"በፍጹም!" ጠበቃው እጁን አወዛወዘ። "የደኅንነት ደንብ ነው!"

ዳኛዋ ወለሉን አዩ፤ ከመፍጫዎቹ ጎን የተዘረጋውን የመደገፊያ ብረት አዩ። ወደ ሸጋ ዞረው፣ ቀስ ብለው፣ ከንፈራቸውን አጥርተው ተናገሩ፦ "ጫማሽ ይቆይ። ብረቱን በእጅሽ ብትይዢስ?"

ሸጋ መዳፏን ብረቱ ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ጨፈነች። ትከሻዋ ወረድ አለ፤ የዘመድ እጅ የጨበጠች ነው የምትመስለው።

ውዱ አጠፋ። "ሦስተኛው!" ልክ። አስነሣ፤ ሌላ አጠፋ። "አንደኛው!" ልክ። "አራተኛው!" ልክ። ሊያታልሏት ብለው ምንም ሳያጠፉ ዝም አሉ። ሸጋም ዝም አለች፤ ከዚያ "ሁሉም እየሄዱ ነው፤ ምን ትጠብቃላችሁ?" አለች። ሃና መጻፉን ትታ ሳቀች። ለመጨረሻ ጊዜ ሁለቱን በአንድ ላይ አጠፉ። "ሁለተኛውና አራተኛው። ላይ ያለው ወንፊት ግን ይንገጫገጫል፤ በግራ በኩል የላላ ነገር አለው።"

"እውነቷን ነው!" ብሎ ጮኸ ውዱ። ጨርቁን ከእጁ ጣለው። "እውነቷን ነው እኮ! ለቅዳሜ ልፈታው ይዤዋለሁ! ለማንም አልተናገርኩም! የሦስተኛውም መዞሪያ ኩሽኔታ እንደዚሁ ነበር፤ እሁድ ስፈታው ተሰነጣጥቆ እጄ ላይ ነው የተበተነው! እግዚአብሔር ያውቃል እውነቷን ነበር!"

ሁለት መፍጫ ጠፍቶ ስለነበር ሁላችንም ሰማነው። ውዱ ምን እንዳለ የገባው ከተናገረ በኋላ ነው። አፉን በእጁ ያዘ። ሥራ አስኪያጁን አየ፤ ዳኛዋን አየ። ልደብቅ ቢል የማይደበቅ ነገር ነበር።

"የትኛው እሁድ?" አሉ ዳኛዋ።

"ጥቅምት አሥር" አለ ውዱ፣ አሁን በዝግታ። "ከመባረሯ ሁለት ቀን በፊት።"

ጠበቃው ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አልነበረም። ሁሉም መፍጫ ተነሥቶ ጩኸቱ ሲመለስ ወደ ዳኛዋ ጆሮ ጠጋ ብሎ ተከራከረ። እሺ፣ ንዝረት ታውቅ ይሆናል፤ የእሳት ሳይረን ቢጮኽስ? እዚህ ቆማ እንደምትቀር ግልጽ አይደለም? እኔ የሰማሁትን ያህል ለሸጋ ልደግምላት ስል ቀድማኝ ከራሱ አፍ አንብባዋለች።

"ሳይረኑን አስደውሉት" አሉ ዳኛዋ።

አቶ እንዳልካቸው በመስኮት ግቢውን እያሳየ ለአበረ ምልክት ሰጠው፤ አበረም ወረደ። ቆምን፤ ጠበቅን። ዳኛዋ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን ያያል። ጠበቃው ሸጋን ያያታል፤ የምትደናገርበትን ጊዜ እየጠበቀ። መፍጫዎቹ ያጓራሉ። ደቂቃ አለፈ። ሸጋ ወደ መስኮቱ ተራመደችና ወደ ግቢው አየች።

"እየጮኸ ነው" አለች።

ዳኛዋ ትከሻዋን ነክተው ወደ እሳቸው አዞሯት። "ምኑ?"

"ሳይረኑ። ዘበኛው ሁለት ጆሮውን ይዟል።"

ሁላችንም ወደ መስኮቱ ተንጋጋን። በሩ አጠገብ ዘበኛው ጣቶቹን ጆሮው ውስጥ ከትቶ፣ ፊቱን አጨማዶ፣ የሳይረኑ ቀንድ ከተሰቀለበት ምሰሶ እየሸሸ ነው። ጆሮዬን ቀሰርኩ። ምንም! ዳኛዋም ምንም። ጠበቃውም ምንም። ከመፍጫው ጩኸት በቀር ምንም አይሰማም። በዚያው አበረ ደረጃውን እያለከለከ ወጣና "ሁለት ደቂቃ ሙሉ አስጮኽኩት እኮ! በቃ ልበል?" ብሎ ጮኸ።

ዳኛዋ ጠበቃውን አዩት። ከዚያ ወደ ሃና ዞረው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ሃና አልሰማቻቸውም። ሸጋ ነገረቻት፦ "'ሳይረኑ ሲጮኽ በፎቁ ላይ ከነበሩት መካከል ያወቀችው ከሳሽ ብቻ ናት ብለሽ ጻፊ' ነው የሚሉሽ።"

ከፎቁ ስንወርድ ግቢው ውስጥ ውዱ ምሎ ቃሉን ሰጠ። ተቆጣጣሪው በበኩሉ ለእያንዳንዱ ፎቅ ቀይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት እንዲገጠም ትእዛዝ ጻፈ። ሸጋ ይህን ስታነብ "ይህንን እኮ ሁለት ዓመት ስለምነው ነበር" አለች። ለእሷ ብቻ አልነበረም የለመነችው። ከእሷ ጋር የሚሠሩት ሴቶችም ሳይረን ሰምተው አያውቁም፤ አንዷ ሠራተኛ ፋብሪካው ሳይረን እንዳለውም አታውቅም ነበር።

ውሳኔው የተነበበው በሚያዝያ ነው። ወይዘሮ የሻረግ ከአዘና መጥተው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ የችሎቱ አይገባቸውም። ዳኛዋ እንደ ልማዳቸው ወረቀቱ ላይ ሊደፉ ብለው ቆም አሉ፤ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው አገጫቸው ሥር ያዙትና አፋቸው ለሸጋ እየታየ አነበቡ። ሠራተኛዋ ማሽኑን ማቆሟ አሠሪው ራሱ ማድረግ የነበረበት እንጂ የሚያስቀጣ አይደለም። ሳይረኑ የሚሰማ ጆሮ ላለውም አይሰማም፤ ስለዚህ አደጋው ያለው በሠራተኛዋ ጆሮ ሳይሆን በአሠሪው አሠራር ነው። ይህንን ለእሷ ብቻ የስንብት ምክንያት ማድረግ በአካል ጉዳት ላይ የተመሠረተ መድልዎ ነው። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው። ወደ ሥራዋ ትመለስ፤ ያለ ሥራ የቆየችበት ደመወዝም በሕጉ መሠረት ይከፈላት።

ሸጋ አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም። ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ "ይድገሙልኝ" አለች። ዳኛዋ የመጨረሻውን መስመር ደገሙላት።

የውሳኔውን ግልባጭ በሦስተኛው ቀን ስንወስድ እዚያው ግቢው ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ቆማ ለእናቷ ታነብላቸው ጀመር። አንድ መስመር በአማርኛ፣ ቀጥሎ በአገውኛ። ድምፅዋን ታውቁታላችሁ። ባለጉዳይ ሁሉ ተሰበሰበ። ሃና "ችሎት ላይ ናቸው፤ ቀስ በሉ!" ልትል ወጣች፤ ሸጋ ጀርባዋን ስለሰጠች አላየቻትም። ሃና እጇን ልታነሳ ብላ ተወችው፤ በር ተደግፋ አዳመጠች። አንድ አዛውንት ገበሬ "ዱቄት ፋብሪካውን የረታችው ይች ናት?" ብለው ጠየቁኝ። ነች አልኳቸው። ወይዘሮ የሻረግ በየመስመሩ መጨረሻ በአገውኛ አንድ ነገር ይላሉ፤ ሸጋም ሳቅ እያፈናት ንባቧን ትቀጥላለች። ኋላ ምን ሲሉ እንደነበር ብጠይቃት "'ጠበቃው እዚህ ላይ ፊቱ ምን መሰለ?' ነው የምትለኝ" አለችኝ።

ፋብሪካው እንጅባራ ላለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ አለ። ነገሩ ሳይከብድ አልቀረም ብዬ ሁለት ሌሊት ሰግቼ ነበር። ከእሷ ጋር በሚኒባስ ሄድን፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ይግባኙ ተሰረዘ። ስንመለስ እሷ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ በመስተዋቱ የኋለኞቹን ተሳፋሪዎች ወሬ እያነበበች እስከ ዳንግላ ስትስቅ መጣች። ምን አሉ ብላት "ይህንንስ አልነግርዎትም" አለች።

በሰኔ መጀመሪያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ውዱ አልተባረረም፤ ፍርድ ቤት ቃል የሰጠን ሰው መንካት ምን እንደሚያመጣ አቶ እንዳልካቸው አውቆታል። ቀዮቹ መብራቶች ተገጥመዋል። የመጀመሪያው ቀን ሲሞከሩ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀና አሉ፤ ከእነሱም ሁለቱ እልል አሉ፤ ሸጋ ይህን ስትነግረኝ እጇ እንደ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። አበረ ግን አላናገራትም፤ አንድ ወር ሙሉ። ከፎቁ ማዶ ቆሞ ለሌሎች እሷን ያማል፤ እሷ ደግሞ ማዶ ሆና ቃል በቃል ታነበዋለች። አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀና በፎቁ ሁሉ ፊት "አበረ፣ እኔን ለመስደብ ከፈለግህ ጢምህን አሳጥረው፤ የላይኛው ከንፈርህ አይታየኝም!" አለችው። ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ። አበረም መጨረሻ ላይ አብሮ ሳቀ፤ አማራጭ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ማሽን ላይ አንድ ነገር ሲጠረጥር እሷን ጠርቶ "እስኪ ንኪው" ይላታል። ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እሷም አልጠበቀችም።

በዚህ ወር ደግሞ አዲስ ነገር ይዛ መጣች። የኦፕሬተርነት ቦታ ክፍት ሆኗል፤ ከሁለተኛው ፎቅ ሦስት ሰው ይወዳደራል፤ ሴት ተወዳድራ አታውቅም። ማመልከቻውን አብረን ጻፍነው፤ በዚህ ጊዜ መብራት ስለነበረ በኮምፒውተር። ስጨርስ ከኋላዬ ቆማ አነበበችውና "'በትህትና' የሚለው ሦስት ቦታ አለ፤ ሁለቱን ያውጡልኝ" አለች። አወጣኋቸው። ፈተናው ማክሰኞ ነው፤ የተግባሩ ክፍል ሦስተኛው መፍጫ ላይ ነው። እኔ ከአሁኑ እንቅልፍ የለኝም፤ እሷ ግን ትናንት በመንገድ ስታልፍ በመስኮቴ አየችኝና ሳትቆም፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ በከንፈሯ ብቻ "ተዘጋጅቻለሁ" አለችኝ። አነበብኳት።